ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለችው በር

በመናፈሻው ግርጌ፣ የውሃ ታንከሩን አለፍ እንዳሉ፣ ሁለት ክፍል ያላት አንዲት አሮጌ ቤት አለች። የፊተኛዋ ክፍል የአትክልተኛው ናት፤ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ የውሃ ጎማ፣ የአጥር መቀስና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይኖሩባታል። የኋለኛዋ የነርሷ፣ የሲስተር ናት። የሲስተር በር ወደ መናፈሻው መሀል አትዞርም። ፊቷን ለኋላው የብረት አጥር ሰጥታ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ችፍግ ያለ ቁጥቋጦ ዙሪያዋን አቅፏት ተቀምጣለች። ከብረት አጥሩ ማዶ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፤ እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ቁጥቋጦውን እንጂ በሯን አያይም።

ታፔላ የላትም። ቢሆንም ለወጣቶች የጤና አገልግሎት የሚሰጥባት ክፍል መሆኗን ማወቅ ያለበት ሁሉ ያውቃል። ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አራት ዓመት ያለ፣ ለእናቱ የማይነግረው ነገር የገጠመው ሁሉ መንገዱን ከጓደኛው ሰምቶ ይመጣል።

አትክልተኛው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስድስቱን ያሳለፈው በዚሁ መናፈሻ ነው። ዝምተኛ ከመሆኑ የተነሳ ዘበኞቹ “ራዲዮ” የሚል ስም አውጥተውለታል።

“ራዲዮ፣ ዛሬስ ምን ዜና አለ?” ይሉታል ጠዋት ሲገባ።

“ምንም የለ።”

“ሰማችሁ? ዛሬ ዜናው ረዝሟል።”

ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቅና አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ስለ ሲስተር ግን፣ የሚሰማው ሰው ቢያገኝና አፉ ቢታዘዝለት፣ ብዙ የሚለው ነበረው። ሦስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተዋል። ቃል አያልፍም፤ አንዳንዴ ሳቅ፣ አንዳንዴ ለቅሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለስለስ ያለ የሁለት ሰው ድምፅ ነው የሚያልፈው። ሲስተር የራሷ አሠራር አላት። ስም አትጠይቅም፤ መዝገቧ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው፤ “ከተፋጠጥን አያወሩልኝም” ትላለች። መንገድ ላይ ካገኘቻቸው ደግሞ ቀድማ ሰላም አትልም። ልጁ ከእናቱ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ከሆነ፣ ሲስተርን ከየት እንደሚያውቃት ማስረዳት እንዳይኖርበት ነው። ሰላም ካላት ትመልሳለች፤ ዝም ካላት እንደማታውቀው ታልፋለች። በዚህ የተነሳ በሰፈሯ “ያቺ ኩራተኛ” ይሏታል። ይህንንም ሰምታለች። “ይበሉ” ብላ ሻይዋን ጠጣች።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ሦስት ቀን ሙሉ እየመጣ ቁጥቋጦው ሥር ይቀመጥ ነበር። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ከሄደ ሁለት ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ወጣች። ልጁን እንዳላየች ሆና፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከአጠገቡ ያለው መደብ ላይ ቁጢጥ ብላ አረም መንቀል ጀመረች። ስለ ሙቀቱ አወራች፤ ስለ ወገቧ አወራች፤ ስለ አንድ ጠፍቶ ስለቀረ ጃንጥላዋ አወራች፤ ሁሉንም ለመሬቱ ነበር የምትነግረው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየች ልጁም ጎንበስ ብሎ አብሯት ይነቅል ጀመር። ቀስ ብሎም ማውራት ጀመረ። አትክልተኛው ይህን ሁሉ ከታንከሩ ጥግ ሆኖ አየ። የሚነቅሉት ታዲያ አረም አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት እሱ ጎንበስ ቀና ብሎ የተከላቸው የአበባ ችግኞች ነበሩ። አንድ መደብ ሙሉ ጥርግ አድርገው አጸዱና እጃቸውን አራግፈው አብረው ወደ ክፍሏ ገቡ። አትክልተኛው በማግስቱ እንደገና ተከለ፤ ሲተክልም ደስ ብሎት ነበር።

የከተማዋ መናፈሻዎች በሙሉ፣ ወንበሩም ዛፉም ቤቱም፣ በመናፈሻዎች ኮሚሽን እጅ ናቸው። ኮሚሽኑ ሰባት አባላት አሉት፤ የሚሾማቸው የከተማው ምክር ቤት ነው። በዚያ ዓመት ከአባላቱ አንዱ፣ ግራጫ ኮት የሚያዘወትር አንደበተ ርቱዕ ሰው፣ አሮጌዋ ቤት የብስክሌት ማቆያ ትሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ብስክሌት በጣም ስለሚወድ ነው። “የኋለኛዋን ክፍል ሰው ሲጠቀምባት አይቼ አላውቅም” አለ፤ ይህም እውነት ነበር፤ አላየም። ሁለት አባላት ደገፉት፤ ሦስቱ ተቃወሙት። ሰባተኛው አባል ደግሞ ሌላ ከተማ ሄዶ ወንበሩ ባዶ ነበር። ስለዚህ የሲስተር ክፍል ዕጣ በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ምክር ቤቱ ለቦታው ያጫቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከመሾማቸው በፊት ጠርተው ጠየቋቸው።

“ስለ መናፈሻ ምን ያውቃሉ?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮት አይቼዋለሁ።”

“አባላቱ እኩል ለእኩል ቢለያዩ እንዴት ነው የሚወስኑት?”

“ሄጄ አያለሁ። እቆጥራለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ።”

ምክር ቤቱ ይህን መልስ ወደደውና በሙሉ ድምፅ ሾማቸው።

ዓርብ ቀን ሲስተር የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ መሣሪያ ክፍሉ ብቅ አለች።

“ሰባተኛው ሰው ከሰኞ ጀምረው ይመጣሉ” አለች። “ሳምንቱን ሙሉ በሬን ሊያዩ።”

“በርዎን?”

“ሰው ይገባል ወይ አይገባም ብለው። በሳምንቱ ሰኞ ቃለ መሐላ ይፈጽሙና ድምፅ ይሰጣሉ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወይ እኔ፣ ወይ ብስክሌት።” ሳቀች፤ ነገር ግን ስኳር ያልገባበትን ሻይ ማማሰሏን ቀጥላ ነበር።

አትክልተኛው አንድ የሚያጽናና ነገር ሊላት ፈልጎ ምላሱ ተሳሰረ። እሷ ከሄደች በኋላ የሚላት ነገር ሁሉ ትዝ አለው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። እጆቹ ግን እንደ አፉ አያሳፍሩትም። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ አንድ ነገር ተገለጠለት፦ ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጥቋጦው በሩን ሸፍኖታል፤ የሚገባውን ሰው ካላዩ ዜሮ ብለው ይጽፋሉ። ዜሮ ከጻፉ ሲስተር የለችም ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት የአጥር መቀሱን ስሎ ጀመረ። ገመድ ወጥሮ፣ ሁለት ሜትር ከሃያ የነበረውን ቁጥቋጦ ወደ ጉልበት አወረደው። ጫፉን በማስመሪያ የተሰመረ እስኪመስል አስተካከለው። ቅርንጫፉን በጋሪ አመላልሶ ደፋ። የመንገዱን ዳር ድንጋዮች ኖራ ቀባቸው፤ በሯንም ወልውሎ አሳመራት። አመሻሹ ላይ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ሰማያዊዋ በር ከሩቅ ወለል ብላ ታየችው። በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩልም ሄዶ አያት፤ ከዚያም ትታያለች። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር መጣችና ቦርሳዋን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ቆመች።

“ምነው ሲስተር?”

“አማረ” አለችው። “እጅህ ይባረክ።” ብላ ገባች።

ሁለት ሰዓት ላይ ሹፌሩ መጡ። በአንድ እጃቸው ትንሽ ትራስ፣ በሌላው የትምህርት ቤት ደብተር ይዘዋል። ከበሩ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ ትራሱን አነጠፉና ተቀመጡ።

“አትክልተኛው አንተ ነህ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ጥሩ አድርገህ ነው የቆረጥከው። ይታያል።”

“አመሰግናለሁ።”

“በር ማየት ልምዴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመስታወት በር ሳይ ኖርኩ። ሚስቴን እንኳ ኩሽና ስትገባና ስትወጣ እቆጥራታለሁ።”

“ምን ይሉዎታል?”

“ትኬት ቁረጥልኝ ትላለች።”

ያን ቀን ማንም አልገባም። ማክሰኞም ማንም አልገባም። አትክልተኛው ፈተና ደርሶባቸው ይሆናል ብሎ አሰበ። ረቡዕ አንዲት ልጅ በመናፈሻው የኋላ በር ብቅ ብላ ቁጥቋጦውን፣ ሽማግሌውን፣ የአውቶቡስ ሰልፉን አይታ፣ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ተመልሳ ሄደች። ሹፌሩ እርሳሳቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ። ሲስተር ደግሞ ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ ትታ ነበር። በሯን ክፍት ትታ ጋዜጣዋንና ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ አንዴ ፏፏቴው አጠገብ፣ አንዴ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አንዴ የልጆች መጫወቻው ጋ ተቀምጣ ታነባለች። አትክልተኛው ተስፋ ቆርጣ ነው ብሎ አዘነላት። ከሩቅ ሲያያት መጥረጊያውን ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱና ከእህቱ ልጅ ጋር ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ የቤታቸውን የፊት ክፍል ግማሽ ይዞ፣ ጨርቁ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ይዞ፣ ሰው የሚተላለፈው ጎኑን አዙሮ ነው። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ።

“ሰኞ እኔም እሄዳለሁ” አለች እህቱ፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

“ወዴት እትዬ?”

“እዚያ ስብሰባችሁ። ለሕዝብ ክፍት ነው ብለዋል፤ ተመዝግቤያለሁ፣ እናገራለሁ። ልጆቻችንን ከኛ ደብቃ ምን እንደምትነግራቸው ትንገረን። እናት እያለች ለሲስተር የሚነገር ምን ነገር አለ?”

“ጥሩ ሰው ናት።”

“ጥሩ ሰው ከሆነች ፊት ለፊት ይሁን። ድብቅ ነገር አልወድም።”

ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አላለችም። ቆየት ብላ ግን፣ አጎቷ ግቢ ውስጥ ቦት ጫማውን ሲያጥብ፣ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

“አጎቴ፣ አንተ ነህ አይደል የቆረጥከው?”

“ምኑን?”

“ቁጥቋጦውን።”

“አዎ። አያምርም?”

“በጣም ነው የሚያምረው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ በሩ ጥርት ብሎ ይታያል። የሒሳብ አስተማሪዬ አውቶቡስ የሚጠብቀው እዚያ ነው። የእማዬም ደንበኞች ግማሾቹ እዚያ ናቸው።”

ውሃው ከጫማው እየተንጠባጠበ ቀረ። ነገሩ ገና አሁን ነው የገባው፤ ሲገባው ደግሞ ሁሉም በአንዴ ገባው።

“አንቺ ደግሞ በምን…”

“እንዳትጠይቀኝ።”

“አልጠይቅም።”

“ለዚህ እኮ ነው የምወድህ” አለችው። “ግን አጎቴ፣ ስንት የሚቆረጥ ዛፍ እያለ!” ራሷን ነቅንቃ ገባች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በማግስቱ ወደ መናፈሻው ሄዶ የሲስተርን በር ቢያንኳኳ እሑድ ነውና ዝግ ነበር። የቆረጠውን ቁጥቋጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ውሃ አጠጣው። ማዳበሪያ ጨመረበት። ቁጥቋጦ ግን በአንድ ቀን አያድግ ነገር።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። ከፊት ረዥም ጠረጴዛ፣ ሰባት ወንበሮች፣ ሰባት የውሃ ጠርሙሶችና ሰው በነካው ቁጥር የሚጮህ አንድ ማይክሮፎን አለ። አትክልተኛው ከእህቱ ጎን መሀሉ ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ከፊት ጥግ ላይ ብቻዋን ነበረች። ስብሰባውን የሚመሩት ሴትዮ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩ ሰው ሁሉ ማስቲካውን ይውጣል።

ሹፌሩ ቆመው ቀኝ እጃቸውን አነሱና ማሉ፦ ያዩትን በእውነት ሊናገሩ፣ ለማንም ሳያደሉ ሊወስኑ። ከተቀመጡ በኋላ ሰብሳቢዋ ስለ አሮጌዋ ቤት ምን እንዳዩ ጠየቋቸው። ሹፌሩ ደብተራቸውን ዘረጉ።

“ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። በበሩ የገባ ሰው፣ ዜሮ።”

አዳራሹ አጉረመረመ። ባለ ግራጫ ኮቱ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የአትክልተኛው እህት በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

“አልጨረስኩም” አሉ ሹፌሩ። “እኔ የማውቀው አንድ ነገር አለ። መናኸሪያው ላይ ማንም አልተሳፈረም ማለት አውቶቡሱ ባዶ ሄደ ማለት አይደለም። መንገድ ላይ የሚሳፈር አለ። ማክሰኞ ዕለት ከተቀመጥኩበት፣ በተቆረጠው ቁጥቋጦ ላይ አሻግሬ፣ ሲስተርን ወንበር ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ስታነብ አየኋት። አንድ ልጅ መጥቶ የወንበሩ ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልተያዩም። ልጁ መሬት መሬት እያየ ያወራል፤ እሷ ጋዜጣውን እያየች ትመልሳለች። ሲጨርስ ከቦርሳዋ የሆነ ነገር አውጥታ ወንበሩ ላይ አኖረችለት። ልጁ ሄደ። ከዚያ ሌላ መጣ። ጋዜጣው እኮ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ነው ያለው።”

ሰው ሳቀ። አትክልተኛው አልሳቀም። ያን ሁሉ ቀን በሩቁ ሲያዝንላት፣ እሷ ለካ ክፍሏን በቦርሳዋ ይዛ እየዞረች ሥራዋን ትሠራ ነበር። አንድም ልጅ ሳታጎድል፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ በየወንበሩ።

“አርባ ሦስት ሰው ቆጥሬያለሁ” አሉ ሹፌሩ፣ ኩራት ብሏቸው። “መስሎዎት ነው እንዳትሉኝ አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ። ላንብበው። ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ፏፏቴው አጠገብ፤ አንዲት ልጅ፣ አረንጓዴ ሻርፕ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጥልፍ ያለው…”

ከጎኑ የእህቱ እጅ በቦርሳዋ መዝጊያ ላይ ደርቆ ቀረ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ። እዚህ ላይ ይቁም።”

ሲስተር ቆማ ነበር። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ማይክሮፎንም አልያዘችም።

“እነዚህ ልጆች እዚያ የተቀመጡት ማንም አያየንም ብለው ነው። እርስዎ በበጎ ነው ያዩት። ግን ያ ገጽ እዚህ አይነበብም።”

“ሲስተር” አሉ ሰብሳቢዋ፣ “ይህ እኮ እርስዎን የሚጠቅም ማስረጃ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ካልተነበበ በቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው ዜሮ ብቻ ነው። ክፍሏን ሊያሳጣዎት ይችላል።”

“እንግዲያው ዜሮ ይስፈር።”

ባለ ግራጫ ኮቱ ጉሮሮውን ጠረገ። “የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ማስረጃ ከቀረበ ሙሉውን መስማት አለብን። ካልሆነ ዜሮው ይያዝልን።”

ሹፌሩ ግራ ገባቸው። አንዴ ሲስተርን፣ አንዴ ደብተሩን አዩ። “ያየሁትን እናገራለሁ ብዬ አሁን መማሌ ነው” አሉ። ጣታቸው አረንጓዴው ሻርፕ የተጻፈበት መስመር ላይ ነበር።

አትክልተኛው እንዴት እንደተነሳ አያውቅም። ወንበሩ ከኋላው ወድቆ ሲንኳኳ ነው መቆሙን ያወቀው።

“በሩን የሸፈነውን ቁጥቋጦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አለ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። “አንተ ማነህ?”

“አትክልተኛው።”

“ማን አዘዘህ?”

“ማንም።” የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ያዘ። “ሁለት ሜትር ከሃያ ነበር። ወደ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር አወረድኩት። ጋሼ በሩን በደንብ እንዲያዩት ብዬ ነው። ልጆቹ ግን የሚመጡት በሩ ስለማይታይ ነበር። እኔ አሳየሁት፤ እነሱ ቀሩ። ዜሮው የእኔ ነው። የሲስተር አይደለም።”

“ከዚያ በፊት ሰው ይመጣ እንደነበር በምን እናምናለን?” አለ ባለ ግራጫ ኮቱ። አነጋገሩ ቁጣ አልነበረበትም።

“ሦስት ዓመት ጎረቤቷ ነኝ።”

“እነማን ናቸው?”

“አላውቅም። ሲያልፉ ወደ መሬት ነው የማየው።” ትንሽ አሰበ። “ጫማቸውን ነው የማውቀው። በቀን ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጥንድ ይሆናል። ሰኞ ይበዛል። ዝናብ ሲሆንም አይቀሩም፤ ጭቃውን የምጠርገው እኔ ነኝ።”

በሕይወቱ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ።

ሹፌሩ በእርሳሳቸው የደብተሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሒሳብ ሠሩ። “በበሩ አሥር ምናምን፤ በወንበር ሰባት” አሉ። “ስለዚህ በየቀኑ ሦስት አራት ልጆች ሳይመጡ ቀርተዋል። አንተ በመቀስህ፣ እኔ በዓይኔ አባረርናቸው ማለት ነው።”

ከደብተሩ መሀል ያቺን ገጽ ቀስ ብለው ገነጠሏት። አራት ቦታ አጠፏት። ጠረጴዛውን ዞረው ወርደው ለሲስተር በእጇ ሰጧት፤ እሷም ሳታያት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

“የማልኩት ያየሁትን ልናገር ነው” አሉ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ። “ተናገርኩ። የሰው ልጅ ላጋልጥ አልማልኩም።”

ሰብሳቢዋ ዝርዝራቸውን አዩ። “ከታዳሚ ለመናገር የተመዘገበች አንዲት ልብስ ሰፊ አለች።”

አትክልተኛው ዓይኑን ጨፈነ። እህቱ ተነሳች። ቤት ውስጥ ስትለማመደው የሰነበተችው ንግግር በወረቀት ተጽፎ እጇ ላይ ነበር።

“ልናገር የመጣሁት ሌላ ነበር” አለች። “ትቼዋለሁ። ቀጥሉ።”

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለሦስት፤ ክፍሏ በሲስተር እጅ ቀረች። ብስክሌቶቹ በዋናው በር በኩል ጣራ እንዲሠራላቸው በሰባት ድምፅ ተወሰነ፤ ባለ ግራጫ ኮቱም ደስ አለው። በመጨረሻም ያለ ፈቃድ ቁጥቋጦ ለቆረጠው ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ሰብሳቢዋ አዘዙ። አትክልተኛው በስድስት ዓመት ሥራው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲደርሰው ይህ የመጀመሪያው ሊሆን ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተር ጠበቀችው።

“ሰኞ ዕለት ነው ያወቁት፣ አይደል?” አላት።

“ገና ከሩቅ ሳየው።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርህ ይበቅል ነበር?” ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች። “ደግሞ እኮ ያን ቀን ጠዋት እያፏጨህ ነበር። ሦስት ዓመት ስንኖር ስታፏጭ ሰምቼህ አላውቅም። እንዴት ብዬ ላቋርጥህ?”

ሲስተር ጥያቄዋን ቀጠለች።

“በስንት ጊዜ ያድጋል?”

“ዝናቡ ከቀናን በአምስት ወር።”

“እስከዚያ ወንበር ላይ ነኝ ማለት ነው። ግን እሳቸው ካዩኝ ሌላውም ያየኛል። ከመንገድ የማይታየው ወንበር የትኛው ነው?”

ይህን ያውቃል። ሃያ ሰባት ወንበሮች አሉ፤ እያንዳንዱ በስንት ሰዓት ጥላ እንደሚያገኝ፣ ከየት በኩል እንደሚታይና ከየት በኩል እንደማይታይ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ዝቅ ቢል ማንን እንደሚሸፍን ነገራት። የአዳራሹ ጠባቂ በሩን ሊቆልፍ ቁልፍ እያቃጨለ ቢቆምም አልጨረሰም ነበር።

እህቱ ውጭ ደረጃው ላይ ትጠብቀው ነበር። አብረው ቁልቁል ወረዱ። ሁለት መንገድ ተሻገሩ።

“አረንጓዴ ነው ያሉት?” አለች በኋላ።

“አዎ እትዬ።”

“ጫፉ ላይ ነጭ ጥልፍ ያለው።”

“አዎ።”

“ባለፈው ዓመት እንደዚያ ያለ ብዙ ሰፍቻለሁ።”

የሰፋችው አንድ ነው፤ ከተራረፈ ጨርቅ፣ ለልጇ ልደት። ስትቆርጠው የጨርቁን ጫፍ ወጥሮ የያዘላት እሱ ነበር።

“ብዙ ነው” አለ። “የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል።”

“አይታወቅም።”

መኪና እስኪያልፍ ቆሙ። እጅጌውን ይዛ አሻገረችው፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ታደርግ እንደነበረው።

“ዜሮ ይስፈር ስትል ሰማሃት?”

“ሰማኋት።”

“እኔ ብሆን አስነብበው ነበር” አለች። “ሥራዬን ሊወስዱብኝ ቆመው እያየሁ? አስነብበዋለሁ እንጂ።” ትንሽ ሄደች። “እሷ ግን አላስነበበችም።”

ደጃፋቸው ሲደርሱ እህቱ ቆም ብላ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፤ ያንን የንግግር ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለች። ውስጥ ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱንም አየቻቸው፤ መጀመሪያ አጎቷን፣ ከዚያም እናቷን።

እናቷ የስፌት መኪናውን ታክካ ጎኗን አዙራ አለፈች፤ ጫማዋን አወለቀች። “እራት ምን ልሥራልሽ?” አለቻት። “ዛሬ አንቺ ያማረሽን ነው የምንበላው።”